የስምጥ ሸለቆ ውሃ፦ የዝናብ ጉዳይ ወይስ የድንጋይ?

የመጠጥ ውሃ ችግር በተነሳ ቁጥር ወሬው ቶሎ ወደ ዝናብ ያዘነብላል። በልግ ቀረ፣ ክረምቱ ዘገየ፣ ምንጩ ነጠፈ ይባላል፤ የሚታሰበውም መፍትሔ አብዛኛውን ጊዜ ጉድጓድ መቆፈር ነው። ውሃ፣ የአየር ንብረትና ድንጋይ በየራሳቸው ርዕስ ተለያይተው የሚጠኑ መሆናቸው ይህን አመለካከት ያጠነክረዋል፤ ሦስቱ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ የሚገናኙ መሆናቸው ይዘነጋል። ከአዳማ እስከ ሐዋሳ በተዘረጋው የስምጥ ሸለቆ ክፍል ግን ይህን መዘንጋት በሰው ጤና የሚከፈል ዕዳ አስከትሏል። ይህ መጣጥፍ የሚሟገተው ለሚከተለው ሐሳብ ነው፦ በዚህ አካባቢ ዝናብ የሚወስነው የውሃውን ብዛት ሲሆን፣ ውሃው የሚጠጣ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ድንጋዩ ነው፤ የዝናብ እጥረት ጉዳቱ እንኳ በሰው ላይ የሚደርሰው በአብዛኛው በድንጋዩ በኩል ነው።

ከሰማይ የሚወርደው ውሃ ከማዕድን ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ከሕንድና ከአትላንቲክ ውቅያኖሶች የሚመጣው እርጥበት የደጋውን ግድግዳ ሲወጣ እየቀዘቀዘ ይዘንባል፤ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ያለው የሸለቆ ወለል የሚደርሰው ዝናብ አነስተኛ ነው፣ በትነት የሚያጣው ግን ብዙ። ደጋው ራሱ በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ በፈሰሰ ባዛልት የተነባበረ ነው። ባዛልት ውስጥ የሰረገ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዞ ይወጣል። የሸለቆው ወለል ግን ታሪኩ ሌላ ነው። እንደ አሉቶ፣ ሻላና ኮርቤቲ ያሉት እሳተ ገሞራዎች የተፉት አመድ፣ ፐሚስ፣ ራዮላይትና ባልጩት በዕድሜ ወጣት ናቸው። ቀልጦ በፍጥነት የቀዘቀዘው መስታወት መሰል ድንጋይ በቀላሉ ይሟሟል፤ በውስጡ ፍሎሪንና ሶዲየም በርከት ሲል ካልሲየም ግን ጥቂት ነው። ከአፈርና ከጥልቁ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃውን በባይካርቦኔት ይሞላዋል፤ ያቺው ጥቂት ካልሲየም ከካርቦኔት ጋር ተጣምራ በደለል መልክ ትቀራለች፣ የተረፈችውንም ሸክላ አፈሩ ይይዛትና በምትኳ ሶዲየም ይለቃል። የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ፍሎራይድን ከውሃ ነጥሎ ፍሎራይት በተባለ ማዕድን መልክ ሊያስቀር የሚችለው ካልሲየም ነው፤ ካልሲየም ከሌለ ፍሎራይድ የሚይዘው አጥቶ በውሃው ውስጥ ይከማቻል።

ውጤቱ በሰው ጥርስ ላይ ይነበባል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ፍሎራይድ ነው። ከዚህ በዘለለ መጠን ጥርስ ይበልዛል፤ መጠኑ ከፍ ብሎ ዘመናት ሲቆይ ደግሞ አጥንትና መገጣጠሚያ ይደነድናል፣ ጀርባ ይጎብጣል። በኢትዮጵያ ይህ ጉዳት ጎልቶ ከተጠናባቸው ቦታዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው የወንጂ ስኳር ልማት አካባቢ ነው፤ ከጉድጓድ ውሃ ለዓመታት የጠጡ ሠራተኞች የአጥንት ፍሎሮሲስ ተጠቂ ሆነው ተገኝተዋል። የሸንኮራ አገዳው የሚጠጣው ግን ፍሎራይዱ ዝቅተኛ የሆነውን የአዋሽን ውሃ ነበር። ወንጂ ውሃ አላጣም። ያጣው የድንጋዩን ባሕርይ ጠይቆ ውሃ መምረጥን ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሳው ብርቱ ተቃውሞ የአየር ንብረቱን ይዞ ይመጣል። ሸለቆው ሞቃትና ደረቅ ስለሆነ ውሃ ይተናል፣ የሟሟው ነገር ሁሉ ይከማቻል፤ እንግዲህ ዋናው ምክንያት ፀሐይ እንጂ ድንጋይ አይደለም የሚል ነው። ለዚህ ማስረጃ የሚሆኑ ሐይቆችም አሉ። ዝዋይ በመቂና በቀጠር ወንዞች እየተሞላ በቡልቡላ በኩል ስለሚፈስ ፍሎራይዱ ከመመሪያው እምብዛም አይርቅም፤ መውጫ የሌላቸው አቢጃታና ሻላ ግን በሊትር ከ100 ሚሊግራም በላይ ይይዛሉ። ትነት ኃይል እንዳለው መካድ አይቻልም። ነገር ግን ትነት ያገኘውን ያበዛል እንጂ ምን እንደሚበዛ አይመርጥም። ከአቢጃታ እጅግ የሚሞቀውንና የሚደርቀውን የደናክልን ዝቅተኛ ስፍራ እንመልከት። እዚያ ትነቱ የተወልን አሞሌ ነው፤ ማለትም የገበታ ጨው፣ ምክንያቱም የተነነው በጥንት ዘመን ከቀይ ባሕር የገባ ውሃ ነበርና። ከአቢጃታ ሲመረት የኖረው ግን ሶዳ አሽ፣ ማለትም ሶዲየም ካርቦኔት ነው። ሁለቱም በፀሐይ ተነኑ፣ የተረፈው ግን ለየቅል ነው። ልዩነቱን ያመጣው መነሻው፣ ማለትም ውሃው ከመትነኑ በፊት የነካው ነገር ነው። በተጨማሪም ፀሐይ የማያያቸው የከርሰ ምድር ውሃዎች ፍሎራይዳቸው ከፍተኛ ሆኖ ይገኛል፤ አንድ ዓይነት ዝናብ በሚያገኙ ተቀራራቢ መንደሮች ያሉ ጉድጓዶችም እርስ በርስ እጅግ ይለያያሉ። በትነት ብቻ ይህን ማስረዳት አይቻልም።

«እንግዲያውስ ጠለቅ አድርጎ መቆፈር ነው» የሚል ይኖራል። አንዳንድ ቦታ እውነት ይሆናል፤ በተለይ በሸለቆው ጠርዝ፣ ከደጋው የሚወርደው ውሃ በባዛልት ውስጥ ፈጥኖ በሚያልፍበት። በወለሉ ላይ ግን ጥልቀት ዋስትና አይሆንም፤ ውሃው በድንጋዩ ውስጥ የቆየበት ዘመን ይረዝማል፣ የምድር ሙቀትም መሟሟቱን ያፋጥናል። አሉቶ ከሥሩ የእንፋሎት ኃይል እስከ ማመንጨት የሚያደርስ ሙቀት እንዳለው ማስታወስ ይበቃል። ውሃውን ማጣራትስ? የተቃጠለ አጥንት ከሰል ፍሎራይድን ይይዛል፤ በሕንድ ናልጎንዳ የተሰየመው ዘዴም በአሉሚኒየም ሰልፌትና በኖራ ይሠራል። ነገር ግን ከሰሉ በየጊዜው መታደስ አለበት፣ ኬሚካሉ በብዛት ያስፈልጋል፣ የሚቀረው ዝቃጭ የሚወገድበት ቦታ ይፈልጋል። አማራጭ ለሌለው መንደር እነዚህ ዘዴዎች ሕይወት ናቸው፤ ለወደፊቱ ዕቅድ ግን በጥቃቅን ጥገና ላይ የተንጠለጠለ ጤና አስተማማኝ አይደለም።

ድንጋዩን ማስቀደም የአየር ንብረት ለውጥን ማቃለል ነው የሚል ሥጋትም መልስ ይገባዋል። በእኔ ግምት እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ዝናብ ሲያጥር የሚደርቁት ቀድመው ኩሬው፣ ወንዙና ጥልቀት የሌለው ምንጭ ናቸው፤ ፍሎራይዳቸው ዝቅተኛ የሆነውም በአብዛኛው እነሱው ናቸው። ሕዝቡ ወደ ጥልቁ ጉድጓድ ይሄዳል፣ ድርቁ ካለፈ በኋላም እዚያው ይቀራል። ሙቀት ሲጨምርም ሰው ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው መጠን ሳይለወጥ በሰውነት ውስጥ የሚገባው ያድጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ አገሮች የራሳቸውን ደረጃ ሲያወጡ የአየር ንብረታቸውንና የሚጠጡትን የውሃ መጠን እንዲያገናዝቡ የሚመክረው ለዚህ ነው። 1.5 ሚሊግራም ለቀዝቃዛ አገርና ለቆላ አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ነገር ግልጽ ነው። በስምጥ ሸለቆ የውሃ ዕቅድ በዝናብ መዝገብ ብቻ ሊነደፍ አይገባም፤ የሥነ ምድር ካርታው ቦታ ከመምረጥ በፊት መታየት አለበት፣ ጉድጓዱ ውሃ ማውጣቱ ሳይሆን የፍሎራይድ ምርመራውን ማለፉ የሥራው መጠናቀቂያ መሆን አለበት። ከጠርዙ የደጋ ምንጮችን በቧንቧ ማውረድ ወይም ከጉድጓድ ውሃ ጋር ማደባለቅ ወጪው ቢከብድም፣ የሚቻልበት ቦታ ሁሉ ከማጣሪያ በፊት መታሰብ ይኖርበታል። የጣሪያ ዝናብ ከፍሎራይድ ነጻ ስለሆነ ለሕፃናት መጠጥና ለምግብ ማብሰያ ተለይቶ ሊቀመጥ ይችላል፤ የበጋው ርዝመት ግን የማጠራቀሚያውን መጠን ይወስናል። የጥርስ መስተዋት የሚሠራው በልጅነት የመጀመሪያ ስምንት ዓመታት ገደማ ነው፣ አንዴ ከተበላሸም አይመለስም። የውሃ ቢሮዎችና ለጋሾች ይህን ይዘው፣ ቦኖው ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት ውሃውን ይመርምሩ።