ለግማሽ ሰዓት የተፈቀደ ምሽት

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ዓ.ም. የተደረገ አንድ ጥናት በፈረንሳይ አገር አምስት ሚሊዮን ሰው የሙዚቃ መሣሪያ እንደሚጫወት ገለጸ፤ ከአዳራሽ መድረክ የሚደርሰው ግን ጥቂቱ ነበር። ስለዚህ በባህል ሚኒስቴር የሙዚቃ ክፍል ዲሬክተር የነበሩት ሞሪስ ፍለሬ ከሚኒስትሩ ከዣክ ላንግ ጋራ መክረው፥ በዚያው ዓመት በጁን 21 ቀን፥ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ለግማሽ ሰዓት፥ ሕዝቡ በየመንገዱ ወጥቶ እንዲጫወት ጠሩት።

ዕለቱ ጀንበር ዘግይታ የምትጠልቅበት ስለ ሆነ በታናናሾቹ ከተሞች በዓሉ ዛሬም ገና በብርሃን ይጀመራል። በአደባባዩ የከተማው የሙዚቃ ጓድ ጥሩምባውን ሲነፋ፥ ከመንገዱ ማእዘን ተማሪዎች ጊታር ይመታሉ፤ የመግቢያ ዋጋ የሚከፍል የለም። ዜማ በዜማ ላይ ሲደራረብ ጆሮ ይታወካል፤ ይህን ነቀፌታ ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን ሹም ሕዝቡን ዝም በል ሳይሆን ድምፅህን አሰማ ያለበት ቀን በታሪክ ብዙ አይገኝም። ፍለሬ በ1990 ዓ.ም. ሲሞቱ ያ ግማሽ ሰዓት ምሽቱን ሁሉ ወርሶ ነበር።