በናይሮቢ ጋዜጦች ርእሰ አንቀጽ «እኛ» የሚለው ማን ነው?

ጋዜጣ በሚነበብበት አገር ሁሉ ከዜናው ገጽ ይልቅ ብዙ ክርክር የሚያስነሣው የርእሰ አንቀጹ ገጽ ነው። ዜናው የሆነውን ነገር ይነግራል፤ ርእሰ አንቀጹ ግን ስለ ሆነው ነገር ምን ማሰብ እንደሚገባ ይፈርዳል። ስለዚህም አንባቢ ከራሱ አሳብ ጋራ የማይስማማ ርእሰ አንቀጽ ባነበበ ቁጥር «ይህ ጋዜጣ ያዳላል» ማለቱ የተለመደ ነው። ወቀሳው አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የሚያዳላው ወቃሹ ራሱ ነው። ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ ግን የጋዜጣውን ታሪክ መመርመር ያስፈልጋል እንጂ ስሜት ብቻ አይበቃም።

ርእሰ አንቀጽ ከሌላው ጽሑፍ የሚለይበት አንድ ምልክት አለው። የጸሐፊው ስም አይጻፍበትም፤ «እኔ» ብሎም አይናገርም፤ ንግግሩ «እኛ» በማለት ነው። ይህ «እኛ» የሚለው ቃል ማንን እንደሚጨምርና ማንን እንደሚያስቀር የመረመረ ሰው የጋዜጣውን አድልዎ ከነምንጩ ያገኘዋል። የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብ ይኸው ነው።

የአማርኛ ጋዜጣ አንባቢ ለረጅም ዘመን ርእሰ አንቀጽን የሚያውቀው እንደ መንግሥት ቃል አድርጎ ነበር። ከጠላት ወረራ በፊት በብርሃንና ሰላም፥ ከነጻነትም በኋላ በ1933 ዓ.ም. በተመሠረተው በአዲስ ዘመን ላይ «እኛ» የሚለው ማን እንደ ሆነ ብዙ የሚያጠያይቅ አልነበረም። በጎረቤታችን በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ ግን ከመቶ ዓመት በላይ የተለያዩ ባለቤቶች ያሏቸው ጋዜጦች ጎን ለጎን ሲታተሙ፥ ሲከራከሩ፥ ሲሸጡና ሲዘጉ ኖረዋል። አድልዎን በማነጻጸር ለመማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በቅርባችን አይገኝም። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

የኬንያ ጋዜጣ ታሪክ የሚጀምረው በባሕር ዳርቻ ነው። በ1902 አሊብሃይ ሙላ ጂቫንጂ የተባሉ ህንዳዊ ነጋዴ «አፍሪካን ስታንዳርድ» የሚባል ሳምንታዊ ጋዜጣ በሞምባሳ አቋቋሙ። ጂቫንጂ ለኡጋንዳ የባቡር ሐዲድ ሥራ ሠራተኛና ስንቅ በማቅረብ የበለጸጉ ሰው ነበሩ። በ1905 ጋዜጣውን ለአውሮፓውያን ሸጡት፤ ስሙም «ኢስት አፍሪካን ስታንዳርድ» ተባለ። በ1910 ወደ ናይሮቢ ተዛውሮ ዕለታዊ ጋዜጣ ሆነ። በዚያን ጊዜ ነጮቹ ሰፋሪዎች ለም የሆነው ደጋ ለአውሮፓውያን ብቻ እንዲከለል ይከራከሩ ነበርና፥ ህንዳዊ የመሠረተው ጋዜጣ ህንዶች ከደጋው መሬት እንዲርቁ ለሚሹት ሰዎች አፍ ሆነ። ጋዜጣው መታተሙን ቢቀጥልም «እኛ» የሚለው ቃል ግን ከባለቤቱ ጋራ ተሸጠ። ይህ የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የቃላት ነገር ነው። አፍሪካውያኑ በሰፋሪዎቹ እርሻ ላይ በአነስተኛ ደመወዝ ለመሥራት ባልፈለጉ ጊዜ ነገሩ በሰፋሪዎቹ ዘንድ «የሠራተኛ እጥረት» ይባል ነበር። በ1919 አገረ ገዥው ሰር ኤድዋርድ ኖርዚ ባወጡት ደብዳቤ የመንግሥት ሹማምንት ጕልበት ያለውን ወንድ ሁሉ በሕጋዊ መንገድ አግባብተው ወደ ሥራ እንዲያስገቡ አዘዙ። በመንደር ግን ማግባባቱ በባላባቱ ዘንድ ማስገደድ ሆነ። እንግዲህ «የሠራተኛ እጥረት አለ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሐሰት ተናገረ ለማለት ያስቸግራል፤ በእርሻው ጌታ ዓይን በእርግጥ እጥረት ነበርና። ዳሩ ግን ያው ነገር በሠራተኛው ዓይን ሲታይ ስሙ ሌላ ነው። ብዙው አድልዎ በሐሰት ሳይሆን በስም አወጣጥ ይገባል።

በ1921 ሃሪ ቱኩ የተባሉ ወጣት የደመወዝ ቅነሳን፥ የጐጆ ግብርንና ኪፓንዴ የተባለውን አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ ይዞት እንዲዞር የታዘዘውን የመታወቂያ ወረቀት በመቃወም በናይሮቢ ማኅበር መሠረቱ። እኒህ ሰው የራሳቸው ጋዜጣ አልነበራቸውም። «ኢስት አፍሪካን ክሮኒክል» የሚባለውን ጋዜጣ ያቋቋሙት ህንዳዊው ማኒላል ደሳይ ግን የሥራ ቦታና ማተሚያ በመስጠት ረዷቸው። ቱኩ በማርች 1922 በተያዙ ጊዜ ሕዝብ በፖሊስ ጣቢያው ፊት ተሰበሰበ፤ በማርች 16 ቀን በተተኰሰው ጥይትም በመንግሥቱ ቁጥር 21 ሰዎች ሞቱ። በሚቀጥለው ዓመት በለንደን የወጣው የዴቮንሺር ሰነድ በኬንያ የአፍሪካውያኑ ጥቅም ቀዳሚ ነው ብሎ ቢያውጅም፥ ስለዚሁ ጉዳይ በናይሮቢ ሲከራከሩ የነበሩት የሰፋሪዎቹና የህንዶቹ ጋዜጦች ነበሩ። ጥቅሙ ቀዳሚ የተባለለት ሕዝብ «እኛ» የሚልበት ገጽ ገና አላገኘም ነበር።

ያ ገጽ የተገኘው በ1928 ነው። የኪኩዩ ማዕከላዊ ማኅበር «ሙይግዊታንያ»፥ ማለት «አስታራቂ»፥ የሚባል ወርኃዊ ጋዜጣ በኪኩዩ ቋንቋ ማሳተም ጀመረ፤ አዘጋጁም በኋላ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጆሞ ኬንያታ ነበሩ። በ1940 ማኅበሩ ሲታገድ ጋዜጣውም ታገደ። በ1945 ደግሞ ቀድሞ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ የነበሩት ሄንሪ ሙዎርያ «ሙሜንየሬሪ»፥ ማለት «ጠባቂ»፥ የሚባለውን ጋዜጣ አቋቋሙ። በ1933 የተጀመረው የህንዶቹ «ኮሎኒያል ታይምስ» አዘጋጅ ጊርድሃሪ ላል ቪድያርቲም በጻፉትና ባሳተሙት ነገር በሁከት ወንጀል ተከሰው ታሰሩ። በኦክቶበር 1952 አገረ ገዥው ሰር ኢቭሊን ቤሪንግ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ባወጁ ጊዜ የአፍሪካውያኑ ጋዜጦች ተዘጉ፤ ለንደን ሄደው የነበሩት ሙዎርያም በዚያው ቀሩ።

እዚህ ላይ ሚዛን መጠበቅ ይገባናል። የአፍሪካውያኑ ጋዜጦች ያላንዳች አድልዎ ይጽፉ ነበር ማለት ስሕተት ነው። በኪኩዩ ቋንቋ የሚጻፍ ጋዜጣ «እኛ» ሲል በቅድሚያ የሚናገረው ለአንዱ ሕዝብ ነው፤ የሉዎ፥ የካምባ፥ የማሳይ፥ የሶማሌ አንባቢ በዚያ ቃል ውስጥ ራሱን ላያገኝ ይችላል። በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው ልዩነት የአድልዎ መኖርና አለመኖር አልነበረም፤ የአንዱ አድልዎ «አስተያየት» ሲባል የሌላው አድልዎ «ሁከት» መባሉ ነው። አንዱ ወገን ብቻ እንዲናገር በተፈቀደበት ከተማ የተናጋሪው አድልዎ እንደ እውነት ሆኖ ይቈጠራል፤ የሚያነጻጽረው ጠፍቷልና።

ነጻነት ሲቃረብ የናይሮቢ ጋዜጣ አዲስ ባለቤት አገኘ። የኢስማኢሊዎች መሪ አጋ ካን ባቋቋሙት ድርጅት አማካይነት «ዴይሊ ኔሽን» በኦክቶበር 3 ቀን 1960 መታተም ጀመረ። «ስታንዳርድ» የሰፋሪዎቹን ዘመን ልማድ ይዞ ሲቆይ፥ «ኔሽን» የአፍሪካውያኑን የብዙኃን አገዛዝ ደግፎ ተነሣ። በዲሴምበር 1963 ኬንያ ነጻ ስትወጣ የ«ኔሽን» «እኛ» ከአዲሱ መንግሥት «እኛ» ጋራ ተቀራረበ። በ1967 ደግሞ «ስታንዳርድን» ሎንሮ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ገዛው። እንግዲህ የሁለቱም ታላላቅ ጋዜጦች ባለቤት ከውጭ አገር ነበረ፤ በአገሪቱ ውስጥ ሌላ ብዙ ሀብትና ጥቅም ያለው ባለቤት ደግሞ ከመንግሥት ጋራ መጣላትን አይሻም።

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ ግልጽ ሆኖ የታየው በ1982 ነው። በዚያ ዓመት በጁን ወር ኬንያ በሕግ የአንድ ፓርቲ አገር ሆነች፤ ብዙ ሰዎችም ያለ ፍርድ ይታሰሩ ነበር። የ«ስታንዳርድ» ዋና አዘጋጅ ጆርጅ ጊቲ ቀድሞ የፕሬዚዳንት ኬንያታ የግል ጸሐፊ የነበሩ፥ «ኔሽንንም» በዋና አዘጋጅነት የመሩ ሰው ናቸው። በጁላይ ወር ያለ ፍርድ ማሰርን የሚነቅፍ ርእሰ አንቀጽ ጽፈው አወጡ፤ ወዲያውም ከሥራቸው ተሰናበቱ። ርእሰ አንቀጹ «እኛ» ብሎ ተናግሮ ነበር፤ ባለቤቱ ግን «እኔ በዚህ እኛ ውስጥ የለሁበትም» አለ ማለት ነው። በባለቤቱ ሚዛን የእኒህ ሰው ሥራ የበላበትን ወጪት መስበር ነው፤ በአንባቢው ሚዛን ግን እንጀራውን የከፈለው ጋዜጣውን የሚገዛው ሰው ነበረ።

የሂላሪ ንግዌኖም ታሪክ ከዚህ ይዛመዳል። እኒህ የተከበሩ ጋዜጠኛ በ1975 «ዊክሊ ሪቪው» የተባለውን መጽሔት፥ በ1977 ደግሞ «ናይሮቢ ታይምስን» አቋቁመው ነበር። ገንዘብ ስላጠረ በ1983 «ናይሮቢ ታይምስ» ለገዥው ፓርቲ ለካኑ ተሸጠና «ኬንያ ታይምስ» ተባለ። በራሱ አሳብ እንዲቆም ታስቦ የተመሠረተው ጋዜጣ የፓርቲ ድምፅ ሆነ። ጂቫንጂ በ1905 ካደረጉት ሽያጭ ጋራ ሲነጻጸር ዘመኑና ሰዎቹ ተለወጡ እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ብዙ ፓርቲዎች ከተፈቀዱበት ከ1991 ወዲህ የአድልዎ ወቀሳ መልኩን ለወጠ። በማርች 2006 ፊታቸውን የሸፈኑ ፖሊሶች በሌሊት ወደ «ስታንዳርድ» ገብተው የታተመውን ጋዜጣ አቃጠሉ። ይህ ዓይነቱ ጕልበት ለማንም ግልጽ ስለ ሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም። አስተዋይ አንባቢን ይበልጥ የሚያሳስበው ግን በ2008 የሆነው ነው። ከዲሴምበር 27 ቀን 2007 ምርጫ በኋላ በተነሣው ሁከት፥ በኋላ በመርማሪ ኮሚሽን እንደ ተቈጠረው፥ 1,133 ሰዎች ሞቱ። በጃኑዋሪ 3 ቀን 2008 የናይሮቢ ታላላቅ ጋዜጦች በፊት ገጻቸው አንድ ዓይነት ርእስ ይዘው ወጡ፤ ትርጕሙም የምንወዳትን አገራችንን እናድን የሚል ነበር።

በኬንያ ጋዜጣ ታሪክ ውስጥ «እኛ» የሚለው ቃል ያን ቀን የሰፋውን ያህል ሰፍቶ አያውቅም፤ ሰፋሪና ተወላጅ፥ ገዥና ተቃዋሚ ሳይል አገርን በሙሉ የሚጨምር ነበር። ሰው እየሞተ ባለበት ሰዓት ይህን ማድረጋቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ሆኖም ድምፅ በትክክል ተቈጥሮ እንደ ሆነ የሚጠይቀው ዜጋ፥ «አሁን ሰላም ብቻ ይነገር» ሲባል ጥያቄው ዝም የተባለበት መሰለው። የምርጫውን ሥራ የመረመረው የክሪግለር ኮሚሽንም በዚያው ዓመት ከብልሽቱ ብዛት የተነሣ ማን እንዳሸነፈ ማወቅ እንደማይቻል ገለጸ፤ ጥያቄውም ከንቱ እንዳልነበረ ታወቀ። በ2013 በተደረገውም ምርጫ ብዙ ተቺዎች ጋዜጦቹን ስለ ሰላም ብለው መመርመርን ትተዋል ብለው ወቀሱ። አድልዎ በሚነገረው ብቻ ሳይሆን በዝምታም፥ ያውም በበጎ አሳብ በሚደረግ ዝምታ፥ ሊገባ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

የ2010 ሕገ መንግሥት በ34ኛው አንቀጽ መንግሥት በጋዜጦች ሥራ እንዳይገባ ከለከለ፤ የመንግሥት የሆኑትም የዜና ማሰራጫዎች ሳያዳሉ የተለያዩ አሳቦችን እንዲያስተናግዱ አዘዘ። ዳሩ ግን ሕግ መንግሥትን ሊከለክል ይችላል እንጂ የባለቤቱን ፍርሃት ሊከለክል አይችልም። በጃኑዋሪ 2 ቀን 2016 የቅዳሜው «ኔሽን» ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታን በአዲሱ ዓመት ሥራቸውን እንዲያስተካክሉ በጠንካራ ቃል የሚያሳስብ ርእሰ አንቀጽ አወጣ። የጻፉት አዘጋጅ ዴኒስ ጋላቫ ከሥራ ታገዱ፤ ኋላም ተሰናበቱ። ድርጅቱ ምክንያቱ የአሠራርን ደንብ አለመከተላቸው ነው አለ። በማርች 2018 ደግሞ ስምንት የታወቁ ዐምደኞች የጋዜጣው ነጻነት ተነክቷል በማለት በአንድነት ለቀቁ። ከ1982 እስከ 2016 ያለው ዘመን 34 ዓመት ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ተለውጧል፤ ጋዜጣውም ሌላ ነው፤ የነገሩ አካሄድ ግን እጅግ ይመሳሰላል።

ከዚህ ሁሉ ለመምህር ምን ይተርፋል? በመጀመሪያ፥ አድልዎ የሌለበትን ርእሰ አንቀጽ መፈለግ የማይገኝ ነገር መፈለግ ነው። ርእሰ አንቀጽ ፍርድ ስለ ሆነ ፍርድ የማይሰጥ ርእሰ አንቀጽ ሥራውን አልሠራም። ነውሩ ወገንን መያዝ ሳይሆን የያዙትን ወገን መሸሸግ፥ ለሌላውም ወገን የመልስ ስፍራ መከልከል ነው።

በሁለተኛ፥ ተማሪ ርእሰ አንቀጽን ሲያነብ አራት ጥያቄዎችን እንዲጠይቅ ማስለመድ ይገባናል። «እኛ» የሚለው ማን ነው? ባለቤቱ ማን ነው፥ ጥቅሙስ ከየት ነው? ለነገሩ የተሰጠው ስም በማን ዓይን የወጣ ነው? ሳይነገር የቀረውስ ምንድን ነው?

ለዚህ ከራሳችን ሙያ ምሳሌ ላምጣ። በ1997 የኬንያ ብሔራዊ የመምህራን ማኅበር ሥራ ካቆመ በኋላ ከመንግሥት ጋራ የደመወዝ ጭማሪ ስምምነት አደረገ፤ የስምምነቱ አለመፈጸም ግን ለብዙ ዓመታት ለክርክርና ለሌላ የሥራ ማቆም ምክንያት ሆነ። እንዲህ ስላለው ነገር የሚጽፍ አንድ ርእሰ አንቀጽ ቈጠራውን ልጆች ትምህርት ካቋረጡበት ቀን ሊጀምር ይችላል፤ ሌላውም ስምምነቱ ከተፈረመበት ቀን። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። ፍርዱ ግን ቈጠራው በተጀመረበት ቀን አስቀድሞ ተሰጥቷል። ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጦ «እያንዳንዱ መቍጠር የጀመረው ከየት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር፥ ስለ አድልዎ ረጅም ንግግር ከሚያደርገው ይልቅ ያስተምራል።

በመጨረሻም ጥያቄው ወደ ራሳችን ይመለሳል። እኛም በክፍል ውስጥ ቆመን «እኛ» እንላለን፤ የምናስተምረውም ታሪክ «እኛ» በሚለው ቃል የተሞላ ነው። ጋዜጣ አንድ ቀን ተነቦ ይጣላል፤ የመምህር ቃል ግን በተማሪው ልብ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ከፊታችን ከተቀመጡት ልጆች መካከል በዚያ ቃል ውስጥ ራሱን ያላገኘ ልጅ ካለ፥ ከማንም አዘጋጅ የሚብስ አድልዎ ፈጽመናልና፥ የጋዜጣን አድልዎ ለተማሪዎቻችን ከማሳየታችን አስቀድሞ የራሳችንን «እኛ» እንመርምር።