ጉዲፈቻ እና ያልተመረጠው ልጅ፦ ከወለጋ ታሪክ የሚነሣ ጥያቄ



የዛሬውን ገለጻ በአንድ ቃል እጀምራለሁ። «ጉዲፈቻ» የሚለውን ቃል ሁላችንም አማርኛ አድርገነዋል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሚጠቀሙት በዚሁ ቃል ነው። ምንጩ ግን ኦሮምኛ ነው። «ጉዲሱ» ማሳደግ ማለት ሲሆን «ጉዲፈቹ» ደግሞ ለራስ ማሳደግ፣ የራስ አድርጎ ማሳደግ ነው። ስለዚህ ቃሉ ራሱ ምጽዋትን አያመለክትም፤ አሳዳጊውን ባለ ጉዳይ ያደርገዋል። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ከዚህ ይወለዳል፦ ይህ «ለራስ» የሚለው ቃል አካል ጉዳት ያለበትን ወይም ጽኑ ሕመም የያዘውን ልጅ ጨምሮ ያውቃልን?

ጥያቄውን ያገኘሁት በመጽሐፍ አይደለም። ነቀምቴ ሳድግ በሰፈራችን እናታቸው የሞተችባቸው ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ታናሹን ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት በሽማግሌዎች ፊት በጉዲፈቻ ወሰዱት። ታላቁ መስማት የተሳነው ነበርና ከአያቱ ዘንድ ቀረ። ይህን እንደ በደል የቆጠረ ሰው አልነበረም፤ እኔም ለብዙ ዘመን አልቆጠርሁትም።

ሥርዓቱን ከውስጡ እንመልከተው። በኦሮሞ ባህል ጉዲፈቻ በገዳ ሥርዓት ጥላ ሥር የኖረ የማኅበረሰብ ቃል ኪዳን ነው። አሳዳጊዎቹ በሽማግሌዎችና በዘመድ ፊት ቃል ይገባሉ፤ ልጁ በአብራካቸው ከተወለደው እኩል ስም፣ ጎሳና ውርስ ያገኛል። በብዙ ቦታ፣ በኋላ የአብራክ ልጅ ቢወለድ እንኳ የጉዲፈቻው ልጅ የበኩርነት ማዕረጉን አይነጠቅም። በአማራው ዘንድም «የጡት ልጅ» በሚባለው ሥርዓት ባዕድ ሰው በመሐላ ልጅ ይሆናል። እነዚህ ሥርዓቶች ደም ብቻውን ዝምድናን እንደማይወስን አስተምረውናል። ነገር ግን ከጉዲፈቻ ምክንያቶች ዋነኞቹ የዘር ሐረግን ማስቀጠል፣ የጧሪ ፍላጎትና ጉልበት ነበሩ። ወራሽና ጧሪ የሚሻ ሰው ደግሞ ጤነኛውን ልጅ ቢመርጥ አያስገርምም። የሥርዓቱ ብርታትና ድካም ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ ማለት ነው።

የነቀምቴ ታሪክ ባዕድ ያሳደጋቸው ልጆች ባለውለታ ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ ገና ሕፃን ሳለ በባሪያ ፈንጋዮች ከትውልድ አገሩ ከኢሉባቦር ተወሰደ፤ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጥቶ በስዊድን ሚሲዮን እጅ አደገ። አስቴር ጋኖም እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ የመን ይጓዝ ከነበረ መርከብ ነፃ ወጥታ በዚያው በምኩሉ ተማረች። ኦነሲሞስ በአስቴር አጋዥነት የተረጎመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ ሲገቡ የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ ተቀበሏቸው፤ እነርሱም ትምህርት ቤት ከፈቱ። ይህ በሕግ ትርጉሙ ጉዲፈቻ አልነበረም። ሆኖም ማንም የእኔ ያላለው ልጅ አሳዳጊ ሲያገኝ ለአገር ምን እንደሚሆን ያሳያል። ሁለተኛ ነገርም ያሳያል፦ ሁለቱም ቋንቋቸውን አልተነጠቁም፤ ሲመለሱ ያመጡልን ሀብት እርሱ ነበር።

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን እንለፍ። እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ ባሉት ዓመታት ኢትዮጵያ ልጆችን በጉዲፈቻ ወደ ውጭ ከሚልኩ ቀዳሚ አገሮች አንዷ ሆነች። እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15,000 በላይ ልጆች ሄደዋል። ከነዚህ መካከል ወላጆቻቸው በሕይወት ያሉ፣ ወላጆቹም የፈረሙት ወረቀት ለዘለዓለም መሆኑን ያልተረዱ እንደነበሩ በኋላ ታውቋል። በሌላ በኩል ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝባቸው ሕፃናት ነበሩ። በአዲስ አበባ እንደ አሆፕ ያሉ ማሳደጊያዎች የተቋቋሙት ለእነርሱ ነው። አሜሪካ ቫይረሱ ያለባቸውን ሰዎች መግባት የሚከለክለውን ደንብ እስካነሣችበት እስከ ታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. ድረስ እነዚህን ልጆች ለመውሰድ ልዩ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ያም ሆኖ ሕመማቸውን እያወቁ የወሰዷቸው ቤተሰቦች ነበሩ። ይህን መካድ ለታሪክ አይበጅም።

የተገላቢጦሹንም መካድ አይቻልም። በዋሽንግተን ግዛት አንዲት ኢትዮጵያዊት የጉዲፈቻ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2011 ሞተች፤ አሳዳጊዎቿም በ2013 ጥፋተኛ ተባሉ። እነዚሁ ሰዎች ከኢትዮጵያ በወሰዱት መስማት በተሳነው ወንድ ልጅ ላይ ባደረሱት ግፍም ተፈርዶባቸዋል። ሩቅ አገር፣ ባዕድ ቋንቋ፣ በዚያ ላይ መስማት አለመቻል፤ ይህ ልጅ ለማን አቤት ይበል? በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ ዜጎች ጉዲፈቻን ሲከለክል እንዲህ ያሉ በደሎች ከምክንያቶቹ መካከል ነበሩ።

ክልከላውን እደግፋለሁ። ዳሩ ግን በር መዝጋት ብቻውን ሌላ በር አይከፍትም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 23 ሁለት ነገር ይላል፦ ልጅ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከወላጆቹ አይለይ፤ የቅርብ ቤተሰቡ ማሳደግ ባይችል ደግሞ በሰፊው ዘመድ፣ ያም ካልሆነ በማኅበረሰቡ ውስጥ በቤተሰብ ወግ ይደግ። ይህ ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም፤ ጉዲፈቻ ማለት በቤተሰብ ወግ ማሳደግ ነውና። የቤተሰብ ሕጋችንም የጉዲፈቻ ልጅ ከወለደው ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንዳይቋረጥ ይደነግጋል፤ ይህም ከባህሉ ጋር ይስማማል።

የጎደለው ምንድን ነው? ከነቀምቴ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ባኮ ከተማ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። ከዚያ የወጡ ብዙ ምሁራን አሉን። ነገር ግን አዳሪ ትምህርት ቤት፣ የቱንም ያህል መልካም ቢሆን፣ በዓል ሲደርስ የሚመለሱበትን ቤት አይተካም። መስማት የተሳነውን ልጅ የሚወስድ ቤተሰብ የምልክት ቋንቋ የሚማርበት ቦታ ያሻዋል፤ በየወሩ መድኃኒት የሚወስድ ሕፃን ያለው ቤት የሕክምና ቅርበት ያሻዋል። ቃል ኪዳኑ የሽማግሌዎች ነው፤ ሸክሙ ግን የአንድ ቤት ብቻ ሊሆን አይገባም። ጎረቤት፣ እድር፣ ቤተ እምነትና መንግሥት ሸክሙን ካልተካፈሉ «ለራስ ማሳደግ» ለጤነኛው ልጅ ብቻ የተጠበቀ ክብር ሆኖ ይቀራል።

ቀደም ሲል ያነሣሁት ታላቅ ወንድም አያቱ ካረፉ በኋላ ከሰፈሩ ጠፋ። የት ሄደ ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ታናሹ በአሳዳጊ አባቱ ስም ይጠራ ነበር፤ የታላቁን ስም ግን ሰፈሩ «ዲዳው» ብሎ ለውጦት ስለነበር እኔም እውነተኛ ስሙን ሳላውቅ አደግሁ። ተማሪዎቼ የጉዲፈቻን ታሪክ ስትጽፉ የተመረጡትን ልጆች ብቻ አትቁጠሩ፤ በአያት ቤት የቀሩትንም በስማቸው ጻፏቸው።