የድሬዳዋ ወሰኖች፦ ከቃላድ ገመድ እስከ ጂአይኤስ

እስቲ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ተመልከቱ፦ 814700 እና 1062500። አንድ ቀያሽ «ድሬዳዋ ውስጥ ያለ የአንድ ግቢ ማዕዘን ነው» ብሎ ሰጣችሁ እንበል። የመጀመሪያው ቁጥር በምሥራቅ አቅጣጫ፣ ሁለተኛው በሰሜን አቅጣጫ ያለውን ርቀት በሜትር ይናገራል። ኮምፒውተር ላይ ስታስገቧቸው አንዲት ነጥብ ካርታው ላይ ቁጭ ትላለች። አለቀ ማለት ነው?

አላለቀም። ቁጥሮቹ ስንት እንደሆኑ እንጂ ከየት ተነስተው እንደተለኩ አይናገሩም። ያ ካልታወቀ ያው ግቢ ከ200 ሜትር በላይ ተንሸራቶ ሌላ ሰፈር ሊገኝ ይችላል። ሲብስም ወለጋ ሊወርድ ይችላል! ለዚህ ነው የይዞታ ወሰን መረጃን ወደ ጂአይኤስ (ካርታንና ዳታቤዝን አንድ ላይ ወደሚይዘው ሥርዓት) ማስገባት ግማሹ የኮምፒውተር፣ ግማሹ ደግሞ የታሪክ ሥራ ነው የምለው። ድሬዳዋ ይህንን ለማየት የተመቸች ከተማ ናት። ለምን እንደሆነ በቅደም ተከተል እንየው።

ገመድና ምስክር

በዐፄ ምኒልክ ዘመን መሬት በ«ቃላድ» ይለካ ነበር። ቃላድ የመለኪያው ገመድ ስም ነው፤ በእሱ የተለካው መሬትም የቃላድ መሬት ይባል ነበር። ስፋቱ የሚነገረው በጋሻ ነው። ዛሬ አንድ ጋሻ «40 ሄክታር ገደማ» ተብሎ ይተረጎማል። ነገር ግን ጋሻ በየቦታው እኩል አልነበረም፤ ለም መሬት ላይ ጠበብ፣ ጠፍ መሬት ላይ ሰፋ ይል ነበር። ስለዚህ «ሁለት ጋሻ» ሲባል የትኛው አገር፣ ምን ዓይነት መሬት ተብሎ መጠየቅ ነበረበት።

ወሰኑንስ ማን ያውቀዋል ከተባለ ሽማግሌው፣ ጎረቤቱ፣ ዛፉ፣ የድንጋይ ክምሩ፣ ጅረቱ ናቸው። ይህ አሠራር ኋላ ቀር ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። ምስክር ያለው ወሰን ጠብ ሲነሳ የሚጠየቅ ሰው አለው። ቁጥር ብቻውን ሲቀር ግን ማን እንደለካው እንኳ አይናገርም።

ባቡሩ የቆረቆራት ከተማ

ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው ግን ወጪውን አናረው፤ ሐዲዱም ከተራራው ግርጌ በሜዳው በኩል እንዲያልፍ ተወሰነ። ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. እዚያ ሲደርስ አዲስ ከተማ ተቆረቆረና «አዲስ ሐረር» ተባለ። ድሬዳዋ ይቺው ናት።

ከተማዋን የደቻቱ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። በአንድ በኩል የባቡር ኩባንያው ያቀደው ከዚራ አለ፤ መንገዶቹ ቀጥ ያሉ፣ ቦታዎቹ በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስላሉ። ከወንዙ ማዶ ደግሞ መጋላ አለ፤ ገበያውን ተከትሎ ያደገ፣ መንገዱ የሚጠማዘዝ ሰፈር ነው። ከዚራ ላይ መጀመሪያ ወረቀት ላይ መስመር ተሰመረ፣ ከዚያ ቤት ተሠራ። መጋላ ላይ መጀመሪያ ቤቱ ተሠራ፣ መስመሩ በኋላ መጣ። ፈረንሳዮች የመሬት መስመር ወረቀት ላይ ማስፈርን ቀድመው የለመዱት ነበር፤ ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1807 መላ ፈረንሳይ በካዳስተር (እያንዳንዱን ቁራሽ መሬት ከነባለይዞታው በሚመዘግብ ካርታ) እንድትለካ አዝዞ ነበር።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? የድሮ የከተማ ፕላኖች ብዙ ጊዜ የሚለኩት ከአካባቢው ነገር ነው፤ ከጣቢያው ግድግዳ፣ ከድልድዩ ጫፍ፣ ከሐዲዱ መስመር። እርስ በርስ ይስማማሉ፤ ከምድር ሉል ጋር ግን አይተዋወቁም። እንዲህ ያለውን ፕላን ስካን አድርጎ ጂአይኤስ ውስጥ ለማስገባት እስከ ዛሬ የቆሙ ነገሮችን ፈልጎ፣ ዛሬ ያሉበትን ቦታ ለክቶ፣ ወረቀቱን በእነሱ ላይ «መስፋት» ያስፈልጋል። በሙያው ጂኦሪፈረንስ ማድረግ ይባላል። የድሮው ጣቢያ ሕንፃ ባይኖር ኖሮ ወረቀቱን የምንሰፋበት አንድ ችካል ጎደለን ማለት ነው።

ሁለት አዋጆች

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለመኖሪያ የሚሰጠው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። ትርፍ የተባሉት ቤቶች ወደ መንግሥትና ወደ ቀበሌ ሄዱ። አንዱ ግቢ ለብዙ ቤተሰብ ሲሆን «የኔ እስከዚህ ነው» የሚለው ነገር በጎረቤት ስምምነት የሚኖር ሆነ።

ከዚያ በ2006 ዓ.ም. የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 ወጣ። እዚህ ጋ ወሰን ሌላ መልክ ያዘ። እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት የራሱ መለያ ኮድ፣ የራሱ ማዕዘኖች፣ የራሱ መዝገብ እንዲኖረው ተፈለገ። ጎረቤት የሚያውቀው ወሰን በቁጥር ተጽፎ ዳታቤዝ ውስጥ መግባት አለበት። ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን ተመለስን፦ ቁጥሩ ከየት ተነስቶ ተለካ?

ውሃ የዋጠው መንደር

ምድር ድቡልቡል ናት፤ ያውም የተስተካከለች ኳስ አይደለችም። ስለዚህ ካርታ ሠሪዎች መጀመሪያ «ምድር ይህን ትመስላለች፣ መነሻዋም እዚህ ላይ ነው» ብለው ይስማማሉ። ይህ ስምምነት ዳተም ይባላል። ሀገራችን ለረጅም ዘመን የተጠቀመችበት ዳተም ስሙ አዲንዳን ነው። አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ድንበር ላይ የነበረ የኑብያ መንደር ነው። ከዚያ የተነሳው የመለኪያ ነጥቦች ሰንሰለት በ1950ዎቹ ማብቂያ (እ.ኤ.አ.) በተካሄደው የዓባይ ተፋሰስ ቅየሳ አማካኝነት ኢትዮጵያ ገባ። መንደሩን ራሱን በ1960ዎቹ የአስዋን ግድብ ሐይቅ ዋጠው። ስሙ ግን እስካሁን ድሬዳዋ ባሉ ካርታዎች ላይ ይኖራል።

ስልካችሁ ላይ ያለው ጂፒኤስ ግን አዲንዳንን አያውቅም። የሚጠቀመው ደብሊውጂኤስ 84 የተባለውን የዓለም ስምምነት ነው። ድሬዳዋ ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በምሥራቅ አቅጣጫ 100 ሜትር ገደማ፣ በሰሜን አቅጣጫ ከ200 ሜትር በላይ ነው። በአዲንዳን የተለካ ግቢ እንደ ደብሊውጂኤስ 84 ከተነበበ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይንሸራተታል። ወንዝ ዳር ያለ የመጋላ ቤት ካርታው ላይ የደቻቱ አሸዋ ውስጥ ቢገኝ አትገረሙ።

ሐረር ወለጋ ስትሄድ

ሌላም ወጥመድ አለ። ድቡልቡሏን ምድር ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ለመዘርጋት ዩቲኤም የተባለው ዘዴ ምድርን በ60 ዞኖች ይቆርጣታል፤ ልክ ብርቱካን እንደሚፈለቀቀው። እያንዳንዱ ዞን 6 ዲግሪ ስፋት አለው፤ የመሐል መስመሩ 500000 ሜትር የሚል ቁጥር ይሰጠዋል። ዞን 37 ከ36 እስከ 42 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፤ መሐሉ በቢሾፍቱ አጠገብ ያልፋል። የድሬዳዋችን 814700 እንግዲህ ትርጉሙ «ከመሐሉ መስመር ወደ 315 ኪሎ ሜትር ምሥራቅ» ማለት ነው።

42ኛው ዲግሪ ከድሬዳዋ ከተማ ወደ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። ሐረር ከመስመሩ ማዶ፣ ዞን 38 ውስጥ ናት። የድሬዳዋ አስተዳደር ምሥራቃዊ የገጠር ክፍልም መስመሩን ይሻገራል። መስመሩ ላይ ስትደርሱ የምሥራቁ ቁጥር ከ829 ሺህ ገደማ በአንድ እርምጃ ወደ 171 ሺህ ገደማ ይወርዳል፤ መሬቱ ላይ ምንም ሳይለወጥ! የሐረር ነጥብ «ዞን 37 ነው» ተብሎ ከተነበበ በነቀምቴና በጊምቢ መካከል ይወድቃል።

ይህ ስህተት ግን ደግ ስህተት ነው፤ ትልቅ ስለሆነ ወዲያው ይታያል። የሚያስፈራው የዳተሙ ነው። ግቢው ድሬዳዋ ውስጥ፣ መንገድ አጠገብ፣ ቤቶች መሐል ነው ያለው፤ ሲታይ ትክክል ይመስላል፤ ብቻ የሌላ ሰው ቦታ ላይ ነው።

ፋይሉ ሲገባ

ታዲያ ባለሙያው ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ፋይሉ የየትኛው ስምምነት እንደሆነ ይጠይቃል። ለዚህ ኢፒኤስጂ የሚባሉ መለያ ቁጥሮች አሉ። 20137 አዲንዳን ዞን 37 ነው፤ 20138 አዲንዳን ዞን 38። 32637 እና 32638 ደግሞ የደብሊውጂኤስ 84 ናቸው። ሼፕፋይል ከሚባለው የፋይል ቤተሰብ ውስጥ ይህንን የሚናገረው አንድ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ነው። በፍላሽ ሲገለበጥ እሱ ከቀረ ቁጥሮቹ ወላጅ አልባ ይሆናሉ። ከኦቶካድ የመጣ ሥዕል ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያውም ይህ መረጃ የለውም።

እዚህ ጋ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይምታታሉ። አንዱ «ይህ ቁጥር አዲንዳን ነው» ብሎ ስም መለጠፍ ነው፤ ቁጥሩ አይለወጥም። ሌላው ከአዲንዳን ወደ ደብሊውጂኤስ 84 መተርጎም ነው፤ ቁጥሩ ይለወጣል። በትርጉም ፈንታ ስም ብቻ የለጠፈ ሰው ዶላርን ብር ብሎ እንደጠራ ነው፤ የገንዘቡ ስም እንጂ ዋጋው አልተመነዘረም።

ቀጥሎ ቅርጹ ይታያል። ማዕዘኖቹ በተራ ካልተዘረዘሩ ግቢው የ8 ቁጥር ቅርጽ ይይዛል። የመጨረሻው ነጥብ ከመጀመሪያው ካልገጠመ ግቢው በር እንደሌለው አጥር ክፍት ይቀራል። ከዚያ ከባዱ ይመጣል፦ የሁለት ጎረቤት የጋራ አጥር በተለያየ ጊዜ ተለክቶ ሁለት መስመር ሲሆን። ልዩነቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ አጥሩ 20 ሜትር ቢሆን በመካከል 6 ካሬ ሜትር ይቀራል። ትንሽ ሱቅ የሚሠራበት ቦታ እኮ ነው! ሶፍትዌሩ «ከግማሽ ሜትር በታች የሚራራቁትን ሁሉ አጣብቅ» ሲባል በአንድ ጊዜ ያጣብቃል። ማን እንደጎደለበት ግን አያውቅም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ልዩነት ወደ ሜዳ መመለስ አለበት፤ ወደ አጥሩ፣ ወደ ሁለቱ ጎረቤቶች። ገመዱ ቀረ እንጂ ምስክሩ አልቀረም።

ደቻቱ

ጂአይኤስ ራሱ የተወለደው ካርታን በካርታ ላይ ከመደራረብ ፍላጎት ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያውን ሥርዓት ካናዳ ውስጥ የመራው ሮጀር ቶምሊንሰን ሐሳቡ የመጣለት ኬንያ ላይ ለደን የሚሆን ቦታ የመምረጥ ሥራ በእጅ ሲሠራ ወጪው አልቻል ስላለ ነበር።

ድሬዳዋ ላይ ይህ መደራረብ የሕይወት ጉዳይ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺህ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታይ ወንዝ ነው። ዛሬ «የትኛው ቤት ጎርፍ የሚደርስበት መስመር ውስጥ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የይዞታውን ካርታ በጎርፉ ካርታ ላይ ይደርባል። አንዱ በአዲንዳን፣ ሌላው በደብሊውጂኤስ 84 ሆነው ሳይተረጎሙ ቢደራረቡ፣ አደጋ ላይ ያለው ቤተሰብ «ነፃ» ተብሎ፣ ደህና ቦታ ያለው ደግሞ «ይነሳ» ሊባል ይችላል። ከ200 ሜትር በላይ ማለት ወንዝ ዳር ላለ ሰው ብዙ ነው።

ራሳችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ኪውጂአይኤስ የተባለው ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል። 814700 እና 1062500ን አስገቡ፤ መጀመሪያ 32637 ብላችሁ፣ ቀጥሎ 20137 ብላችሁ። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት ለኩ፤ ከሥርም የሳተላይት ምስል አድርጋችሁ ምን ምን እንዳረፈበት ተመልከቱ። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው የወሰን ቁጥር ሲሰጣችሁ ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁት ታውቃላችሁ።