«ሴል»ና «ሕዋስ»፦ የአንድ ሳይንሳዊ ቃል አመጣጥ

የሥነ ሕይወት መጻሕፍትን የሚተረጉም ሁሉ «የስሜት ሕዋስ» የሚለውን ሐረግ ሲጽፍ ብዕሩን ለአፍታ መግታቱ አይቀርም። ሐረጉ ዐይንንና ጆሮን ያመለክታል ወይስ በውስጣቸው ያለችውን፣ በማይክሮስኮፕ ብቻ የምትታየውን ረቂቅ አካል? የችግሩን መነሻ ለመረዳት ሁለቱን ቃላት እስከ ምንጫቸው መከተል ይገባናል።

የእንግሊዝኛው «ሴል» የተገኘው «ኬላ» ከተባለው የላቲን ቃል ነው (በድምፅ ከኛው የመንገድ ኬላ ጋር መመሳሰሉ አንባቢን እንዳያሳስት)። ፍቺው ትንሽ ክፍል፣ ጓዳ፣ የእህልና የወይን ጠጅ ማስቀመጫ ሲሆን፣ መሸሸግን ከሚያመለክት ግስ ጋር ይዛመዳል። ሮማውያን የባሪያውን መኝታ፣ የቤተ ጣዖቱን ውስጠኛ ክፍል፣ የማር እንጀራውንም ዐይን በዚሁ ስም ጠርተዋል፤ በኋላም የመነኩሴው በአት መጠሪያ ሆነ።

ቃሉን ወደ ሳይንስ ያስገባው ሮበርት ሁክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1665 ባሳተመው «ማይክሮግራፊያ»፣ በስለት በስሱ የቀረፈው ቡሽ የማር እንጀራ በሚመስሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተሞላ መሆኑን ገለጸ፤ በአንድ ኩቢክ ኢንች ውስጥም ከ1,200 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ አሰላ። ያየው ግን ሕይወት የተለየውን ግድግዳ ብቻ ነበር። ሽላይደን በ1838 ዕፀዋት፣ ሽቫን በ1839 እንስሳት ከሴሎች የተሠሩ መሆናቸውን አስረዱ፤ ቆይቶም ዋናው ነገር ግድግዳው ሳይሆን በውስጡ ያለው ሕያው አካል እንደ ሆነ ታወቀ። የእንስሳ ሴል እንዲያውም እንዲህ ያለ ግድግዳ የለውም። የባዶው ጓዳ ስም ግን እንዳለ ቀረ።

አማርኛ «ጓዳ» ወይም «በአት» አላለም። የመረጠው «ሕዋስ»ን ነው፤ ይኸውም በግዕዝ የስሜት ኃይል ስም ሲሆን፣ «አምስቱ ሕዋሳት» ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስና መዳሰስ ናቸው። ከባዶ ክፍል ስም ይልቅ የሚሰማና የሚሠራ ነገር ስም መመረጡ በኛ አስተያየት የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ዋጋ አስከፍሏል፤ አንዱ ቃል ሁለት ሥራ ያዘ። «የድርጅት ሕዋስ» ሲባልማ፣ የባዕዱን ቃል ፖለቲካዊ ፍቺ ተከትሎ፣ ሦስተኛ ተጨመረበት።

በሥነ ሕይወት ጽሑፍ ውስጥ እንግዲህ ዐይንና ጆሮ «የስሜት አካላት»፣ ረቂቋ ደግሞ «ስሜት ተቀባይ ሕዋስ» ቢባሉ እንመርጣለን። «ብልት» የሚለው ጥንታዊ ቃል ለመጀመሪያው በተመቸ ነበር፤ ዛሬ ግን በተማሪዎች ፊት ያለ ሣቅ አይነገርም። «አምስቱ ሕዋሳት»ን ከሃይማኖት መጻሕፍት ነቅሎ በሌላ ለመተካት የሚነሣ ተርጓሚ ቢኖር ግን አንደግፈውም።