የአፈር ዘበኞችና የምናቃጥለው ኩበት

ወዳጆች፣ ዛሬ ታሪክ ላወራችሁ ነው፤ የንጉሥ ታሪክ ሳይሆን የአፈር።

ከሰበታ ወደ ጅማ መንገድ ይዞ ተፍኪን የሚያልፍ ሰው ያንን ጥቁር አፈር ያውቀዋል። ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ ሲያበቅል ኖሯል። አሁን ደግሞ ሽንኩርቱም ቲማቲሙም እየመጣ ነው። አትክልት ሲመጣ ግን ጠላቱም ይከተላል፦ ሥር አበስብስ። አፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ ሥሩን ይበላዋል፣ ተክሉ ውሃ ጠጥቶም ይጠወልጋል። ቅጠል ላይ የሚረጭ መድኃኒት እታች ድረስ አይደርስለትም።

ታዲያ አፈር ራሱን መከላከል ይችላል? ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1932 ሪቻርድ ዋይንድሊንግ የተባለ ተመራማሪ አሜሪካ ውስጥ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ትሪኮደርማ የሚባል የአፈር ፈንገስ፣ ችግኝ የሚገድለውን ራይዞክቶኒያን ተጠምጥሞበት እንደሚበላው አሳየ። ፈንገስ ፈንገስን ይበላል ማለት ነው!

በ1970ዎቹ ደግሞ ፈረንሳይ፣ ሻቶረናር በሚባል ቦታ ሌላ ጉድ ታየ። ሜሎንን የሚያጠወልገው ፉዛሪየም አፈሩ ውስጥ አለ፣ ሜሎኑ ግን አይታመምም። አፈሩን በእንፋሎት ሲቀቅሉት መከላከያው ጠፋ። ከጤነኛው አፈር ጥቂት ወስደው የተቀቀለው ላይ ሲቀላቅሉ ደግሞ ተመለሰ። እንግዲህ ዘበኛው ሕይወት ያለው ነገር ነበር። ጉዳት የሌላቸው የፉዛሪየም ዘመዶችና ባክቴሪያዎች ምግቡንና ቦታውን ቀድመው ይዘው፣ በሽታ አምጪውን በረሃብ ያዳክሙታል።

ወደ አገራችን እንምጣ። በሸዋ ደጋ «ጋይ» የሚባል የቆየ አሠራር አለ፤ አፈሩን ከምሮ በኩበት ማቃጠል። እሳቱ የታሰረውን ንጥረ ነገር ስለሚፈታ ገብሱ አንድ ሁለት ዓመት ያምራል። ከዚያ መሬቱ ለብዙ ዓመታት ጦም ያድራል፤ የአፈሩ ስብም ነዋሪውም አብሮ ተቃጥሏላ!

ዛሬ ጋይ ባናቃጥልም ኩበቱን ምድጃ ውስጥ እናነደዋለን፣ ገለባውን ለከብት እንሰጣለን ወይ እንሸጣለን። ገበሬውን ለመውቀስ አይደለም፤ ማገዶ ከየት ያምጣ? ግን ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ እነዚያ ዘበኞች የሚበሉት ፍግና የበሰበሰ ቅጠል ነው። ቀለባቸውን ከልክለን ጥበቃ መጠየቅ አይሆንም። ማዳበሪያ ተክሉን ይመግባል እንጂ እነሱን አያጠግብም።

አባቶቻችን ግን አንድ ነገር ያውቁ ነበር፦ ሽምብራ በነበረበት ላይ ጤፍ መዝራት። የሽምብራው ፈንገስ በጤፍ ሥር አይጠግብም፣ ቁጥሩ ይቀንሳል። ዛሬ ዋጋ ስላለው ብቻ ሽንኩርት በሽንኩርት ላይ የሚደግም ሰው ይሄን ጥበብ እየጣለ ነው።

እውነቱን ለመናገር ዘበኞቹ ሁሉን አይችሉም። የነጭ ሽንኩርት ነጭ አበስብስ ዘሩ ሃያ ዓመት ያህል አፈር ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል፤ እሱ ከገባ ማስወጣት ከባድ ነው። ውሃ የሚተኛበት ማሳም ለአበስብስ ይመቻል። ስለዚህ ጥቁር አፈር ላይ መደቡን ከፍ አድርጎ ውሃውን ማጠንፈፍ፣ ሰብል ማፈራረቅ፣ ካለችው ፍግ ቢያንስ ግማሿን በደንብ አብላልቶ ለአትክልቱ ማሳ መመለስ።

ርስት ማለት መሬቱ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ የሚኖረውም ነው። ለልጆቻችን የምናወርሰው በሕይወት ያለ አፈር ይሁን።

እናንተ ሰፈር ኩበቱ ወዴት ነው የሚሄደው? ማሳ ወይስ ምድጃ? እስቲ ጻፉልኝ።