የአጣጥ መርዝ

እንግዲህ ስሙኝ፤ የማወጋችሁ ስለ አጣጥ ነው። አዎ፣ ያ እሾኻሙ፣ ልብስ ይዞ አልለቅም የሚለው፣ እረኛ የሚራገመው ቁጥቋጦ። ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ገብታችሁ በ705 ሄክታሩ ላይ ሽቅብ ስትወጡ ዓይናችሁ ጽዱን ያያል፤ አጣጥን ቆሞ የሚያየው የለም።

ዘመኑን በፈረንጆቹ እቆጥርላችኋለሁ። በ1960 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ከአገሩ ግብርና መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ ከዓለም ዙሪያ ዕፅዋት ማሰባሰብ ጀመረ። በዚያው ዘመቻ ከኢትዮጵያ አንድ የአጣጥ ወገን ተቆርጦ፣ ደርቆ ባሕር ተሻገረ። ጭማቂው በቤተ ሙከራ የካንሰር ሴል ገደለ። ግን ከዚያ ሁሉ ውህድ ገዳዩ የትኛው ነው? ዐሥር ዓመት ያህል ፈጀ። በመጨረሻ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ኬሚስት ሞሪስ ኩፕቻን በ1972 ለይቶ አወጣውና ሜይታንሲን አለው። ከአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል ስንት ቢያገኝ ጥሩ ነው? 0.2 ሚሊ ግራም! ከአንድ የጤፍ ፍሬ አይበልጥም።

እንደ ሜይታንሲን ናይትሮጅን ካዘሉ የተፈጥሮ ውህዶች ብዙዎቹ አልካሎይድ ይባላሉ፤ የቡናው ካፌይንና የጫቱ ካቲኖን ከዚያው ጎራ ናቸው። ሜይታንሲን ከዚያ ይመደብ አይመደብ ኬሚስቶች አንድ ቃል የላቸውም፤ እኔ ከሚመድቡት ወገን ነኝ።

ሥራው ግን አያከራክርም። ሴል ለሁለት ሲከፈል ክሮሞዞሞቹን ወዲያና ወዲህ የሚስቡ ክሮች ይዘረጋል። ሜይታንሲን የክሩን መሥሪያ፣ ቱቡሊን የሚሉትን ፕሮቲን፣ ይይዝና ክሩ እንዳይቀጠል ያደርጋል። ሴሉም መከፈል አቅቶት ይሞታል። የደም ካንሰር ላለባቸው ሕፃናት የሚሰጠው ቪንክሪስቲን፣ ከማዳጋስካር አበባ የተገኘው፣ መንገዱ ይኸው ነው። ለሪህ እብጠት የሚዋጠው ኮልቺሲንም የሚይዘው ይህንኑ ፕሮቲን ነው።

ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ሜይታንሲን ወዳጅና ጠላት አይለይም። በሕሙማን ላይ ሲሞከር አስመለሰ፣ አስቀመጠ፣ ነርቭ ጎዳ፤ ዕጢው ግን ያን ያህል አልቀነሰም። ተዉት። ኩፕቻንም በ1976 ሞተ፤ ከዚያ ወዲያ የሆነውን አላየም።

የሆነው ምን መሰላችሁ? መርዙን በደም ውስጥ ልቅ ከመስደድ ዘመዱን ከአንቲቦዲ ጋር አሰሩት። አንቲቦዲው ኸር ቱ የሚባል ፕሮቲን የበዛበትን የጡት ካንሰር ሴል ፈልጎ ይጣበቃል፤ ሴሉ ሳያውቅ ይውጠዋል፤ መርዙ ውስጥ ገብቶ ይፈታል። በ2013 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቀደው። የገበያ ስሙ ካድሳይላ ነው።

አሁን ወደ ጉለሌ ልመልሳችሁ። ኩፕቻን በጽሑፉ «ኦቫተስ» ያለው ዝርያ በኋላ ሲጣራ «ሴራታ» ሆኖ ተገኘ። አይፈረድበትም፤ እነዚህ ቁጥቋጦዎች የባለሙያ ዓይን ያታልላሉ። ሰብስቤ ደምሰው የተባሉ ኢትዮጵያዊ የዕፅዋት ሊቅ በ1985 ስዊድን፣ ኡፕሳላ ላይ የዶክትሬት ሥራቸውን የሠሩት በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካና በዓረብ ምድር በሚበቅለው በዚሁ ወገን ላይ ነበር፤ ቅጠሉን ከቅጠል፣ ፍሬውን ከፍሬ እያመሳከሩ። እኚሁ ፕሮፌሰር ናቸው በኋላ የጉለሌውን ማዕከል በዳይሬክተርነት የመሩት።

እንግዲህ «አጣጥ ካንሰር ያድናል አሉ» ብሎ ድስት ለሚጥድ ሰው የምጠይቀው አለኝ፦ የቱ አጣጥ? አጣጥ የምንለው አንድ ዝርያ አይደለም። ደግሞስ በስንቱ? 60 ኪሎ የምትመዝን ታካሚ በየሦስት ሳምንቱ ከምትወስደው ካድሳይላ ውስጥ መርዙ ብቻ በግርድፉ 4 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። በኩፕቻን ሚዛን ከሄድን ለአንድ ጊዜ ብቻ 20 ኪሎ ደረቅ ተክል መሆኑ ነው። ደግነቱ ቁጥቋጦውን የሚጨፈጭፍ የለም፤ ጃፓናውያን በ1977 የሜይታንሲንን የቅርብ ዘመድ የሚሠራ ባክቴሪያ አግኝተዋል፤ ለመድኃኒቱ የሚሆነው መነሻም ዛሬ ፋብሪካ ውስጥ ከሚረባ ባክቴሪያ ይገኛል።